የ8 ሰዓት እንግዳና የአንኮበር ሥዕል

በቦሌ ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ ሌላውን የሚጠብቅ መንገደኛ አዲስ አበባን ሊያይ የሚችልበት ጊዜ አንዳንዴ 8 ሰዓት ያህል ነው። በእነዚህ ሰዓታት የሚቀርብለት ባህል ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የማስታወሻ ዕቃ መደብር፣ የታሸገ ቡና፣ ማታ ከሆነም ከራት ጋር የሚታይ እስክስታ። እንግዳውም «ኢትዮጵያን አየሁ» ብሎ ይሳፈራል። ጥፋቱ የእርሱ ነውን?

መልሱን አንኮበር ትሰጣለች። የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ሲራራ ነጋዴ ከተራራው ግርጌ በአሊዩ አምባ ገበያ ያርፍ ነበር። ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚመጣ የባዕድ መልእክተኛም ፈቃድ እስኪያገኝ በዚያው አካባቢ ይጠባበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በሻምበል ሐሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ ሲመጣ፣ በርናትስ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ አብሮ ነበር። ሐሪስ በ1844 ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ፣ በርናትስም በ1852 የሥዕል መድበል አሳተሙ።

የአገሩ ሠዓልያን ሥራ በዚያን ጊዜ በአብዛኛው ለቤተ ክርስቲያን ነበር። ስለዚህ ዛሬ የሣህለ ሥላሴን አንኮበር ለተማሪዎቹ ሊያሳይ የሚሻ መምህር የሚገልጠው የእንግዳን ሥዕል ነው። በርናትስ ትጉህ ሠዓሊ ነበርና አይወቀስም፤ የአርጎባውን ሸማኔ ድካምና የገበያተኛዋን ሐሳብ ግን እንደ ቤተኛ ሊያውቅ አይችልም። ባለቤቱ ዝም ያለበትን ነገር እንግዳው ይናገርለታል፤ የተናገረውም ውሎ አድሮ ታሪክ ሆኖ ይጠቀሳል።

«በ8 ሰዓት ምን ይታያል?» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽም መኖሪያዋ በዚያችው ከተማ ነው። ከቦሌ እስከ እነዚህ ሥፍራዎች ያለው መንገድ አጭር ነው። የጎደለው እንግዳውን ወደዚያ የሚመራ፣ ያየውንም በቅጡ የሚያስረዳ ባለሙያ ነው። የኪነ ጥበብ ሰው ይህን ኃላፊነት ለነጋዴ ትቶ፣ ነጋዴው ባህልን አረከሰ ብሎ ማማረሩ ፍትሕ አይደለም።

አንኮበር ራሷ ከአዲስ አበባ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ በሁለት በረራዎች መካከል ያለ መንገደኛ ሊደርስባት አይችልም። እርሷን ወደ እርሱ ማምጣት የሚችሉት ልጆቿ ናቸው። የደብረ ብርሃን መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ኮረብታው ይውጣ፤ ሠዓሊው የዛሬውን ሸማኔና ገበሬ ከነስሙ ይሣል፤ የባህል ሠራተኛውም እነዚህ ሥራዎች መንገደኛ በሚያልፍበት ሁሉ እንዲሰቀሉ ይሟገት። ይህ ሳይሆን ቢቀር፣ ከ100 ዓመት በኋላ የሚመጣው መምህርም የዛሬዋን አንኮበር የሚያስተምረው ከእንግዳ መጽሐፍ ነው።