የሚወጉትን ዓሣ የሚጠብቁ ሰዎች

የካቲት እንደባተ በሚውለው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት የሚገኘው የዊኔባጎ ሐይቅ ከተማ ይመስላል። ከ550 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ይህ ሐይቅ በብርዱ ወራት ፊቱ ጠጥሮ በረዶ ይሆናል። በበረዶው ላይ የእንጨት ጎጆዎችና ታጣፊ ድንኳኖች ይተከላሉ። በየጎጆው አንድ ወይም ሁለት ሰው፣ በረዶው ላይ በተቆረጠ ሰፊ ቀዳዳ አጠገብ ተቀምጦ፣ ጦሩን ከእጁ ሳያርቅ፣ ወደ ውሃው አቀርቅሮ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ስተርጅን የተባለውን ዓሣ ነው።

ለሩቅ ተመልካች ነገሩ ከጭካኔ አይተናነስም። ዕድሜው ከሰው ዕድሜ ሊበልጥ የሚችል፣ ዘሩ በብዙ ቦታ የተመናመነ ዓሣ በጦር ሲወጋ ማየት ደስ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች የሐይቅ ስተርጅን በአሜሪካ ሕግ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ተርታ እንዲመዘገብ ለፌዴራል መንግሥት አቤቱታ አቀረቡ። አቤቱታው ቢሳካ የዊኔባጎ ጦር ወደ ሰቀላ መመለሱ አይቀርም ነበር። ጉዳዩን የመረመረው የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በ2024 ሚያዝያ ላይ ምዝገባው አያስፈልግም ብሎ ወሰነ። ቢያንስ ዊኔባጎን በተመለከተ ውሳኔው ትክክል ነው። በዚያ ሐይቅ ስተርጅን ዛሬ በብዛት የሚገኘው ጦረኞቹ እያሉም ሳይሆን ጦረኞቹ ስላሉ ነው።

አደኑ ራሱ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ጎጆው ወይም ድንኳኑ ብርሃን እንዳያስገባ ተደርጎ ይዘጋል። ውስጡ ሲጨልም የውሃው ገጽ ማንጸባረቁን ያቆማል፤ በዙሪያው ባለው በረዶ ሰርጎ የገባው የቀን ብርሃን ደግሞ ውሃውን ከሥር ያበራዋል። በጨለማው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ቀዳዳውን እንደ መስኮት ይመለከትበታል። ከቀዳዳው በታች ከእንጨት ተቀርጾ ቀለም የተቀባ ሰው ሠራሽ ዓሣ በገመድ ይንጠለጠላል። ስተርጅን ጥርስ የለውም፤ ወደ ማማለያው የሚመጣው ሊነክሰው ሳይሆን ሊያየው ነው። አንዳንዶች የሚያልፈው ዓሣ ጎልቶ እንዲታይ ነጭ ነገር ከሐይቁ ወለል ላይ ይጥላሉ። ዓሣው ብቅ ሲል ባለ ብዙ ጣት ከባድ ጦር ይወረወራል፤ የጦሩ ራስ ከዘንጉ ተላቆ ከዓሣው ጋር ሲሄድ ሰውየው ገመዱን ይዞ ይታገላል።

ይህ የሚሆነው ግን ዕድል ሲቀና ነው። ውሃው ከደፈረሰ ወለሉ አይታይም፤ ወለሉ ካልታየ ዓሣ አይወጋም። አንድም ስተርጅን ሳይወጉ ብዙ ዓመት የተመላለሱ ሰዎች በዊኔባጎ ዳርቻ ሞልተዋል።

በቅርብ ዓመታት ጎጆው ራሱ ተለውጧል። የቀድሞው የእንጨት ጎጆ በመኪና የሚጎተት ከባድ ነገር ነው፤ እሱን ለመትከል ወፍራም በረዶ ያስፈልጋል። ዛሬ ብዙዎች የሚመርጡት ተጣጥፎ በትንሽ ተንሸራታች ጋሪ የሚጎተተውን ባለ ጥቁር ሸራ ድንኳን ነው። ለውጡን የማይወዱት ነባሮች አሉ፤ ድንኳኑ አጥማጁ ዓሣውን ተከትሎ ከቦታ ቦታ እንዲዞር ስለሚያደርገው ሚዛኑን ያዛባል ይላሉ። ክርክሩ ውኃ አያነሣም፤ የሚወጋውን ዓሣ ብዛት የሚወስነው የድንኳኑ ክብደት ሳይሆን ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ ነውና። በሌላ በኩል ድንኳኑ ትልቅ መኪናና የእንጨት ጎጆ ለሌለው ሰው በር ከፍቷል። በጎረቤቷ ሚኔሶታ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ግዛት፣ በተመሳሳይ መንገድ ፓይክ የተባለው ዓሣ በጦር ይወጋል፤ እዚያም ለጀማሪ የሚቀለው በድንኳን መጀመር ነው። የሚኔሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በእግር ለመሄድ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስና ጥርት ያለ በረዶ እንዲኖር ይመክራል፤ ለመኪና ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ ያስፈልጋል።

የስተርጅን ችግር የሚጀምረው ከተፈጥሮው ነው። ሴቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል የምትጥለው ዕድሜዋ ከ20 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ከዚያም በየዓመቱ ሳይሆን በየጥቂት ዓመቱ አንዴ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ያለ ጊዜዋ ከሞተች የምትተካው ከአንድ የሰው ትውልድ ያላነሰ ጊዜ ቆይቶ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የነበሩ ነጋዴ አጥማጆች ይህን አላሰቡትም። መጀመሪያ መረባቸውን ስለሚቀድድባቸው እንደ ተባይ ቆጥረው ጣሉት፤ በእንፋሎት መርከቦች ምድጃ ውስጥ እንደ ማገዶ የነደደበት ጊዜም ነበር። እንቁላሉ ካቪያር ሆኖ በውድ መሸጥ ሲጀምር ደግሞ ያለ ልክ አጠመዱት። ግድቦችም ወደ መራቢያው የሚወስደውን ወንዝ ዘጉበት። ዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ1915 ስተርጅን ማጥመድን ጨርሶ ከለከለች። በዊኔባጎ በጦር መውጋት በሕግ የተፈቀደው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ነው ሊጠና የሚገባው። ዛሬ ወቅቱ ቢበዛ 16 ቀን ነው። ጦር የሚወረወረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ብቻ ነው። ፈቃዱ የሚሸጠው እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ነው፤ የበረዶውን ሁኔታ አይቶ በመጨረሻው ሰዓት ልግባ ማለት አይቻልም። አንድ ሰው በወቅቱ ሊወጋ የሚችለው አንድ ዓሣ ነው፤ ርዝመቱም ከ91 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ከዋናው ሐይቅ በላይ ወዳሉት ትንንሽ ሐይቆች የሚገባው ደግሞ በዕጣ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምዝገባው ነው። የተወጋ ዓሣ ሁሉ በዚያው ቀን እስከ 8 ሰዓት ድረስ ወደ መመዝገቢያ ጣቢያ መቅረብ አለበት። እዚያ የግዛቱ ባለሙያዎች ይመዝኑታል፤ ርዝመቱን ይለካሉ፤ ጾታውንና ለመራባት መድረስ አለመድረሱን ይለያሉ። ለወንዶች፣ ላልደረሱ ሴቶችና ለደረሱ ሴቶች የየራሳቸው ጣሪያ አለ። ከሦስቱ አንዱ ሲሞላ፣ 16ቱ ቀን ባያልቅም፣ ወቅቱ ይዘጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አጥማጅ ሳይከፈለው ለሳይንስ መረጃ ሰብሳቢ ይሆናል። በመረብ የሚወጣው፣ ማንም ሳያየው ገበያ የሚደርሰው የብዙ ሐይቆች ዓሣ ይህን የመሰለ መዝገብ የለውም።

ሰዎቹ የሚያደርጉት መዝገብ በመሙላት ብቻ አያበቃም። ቢል ካስፐር የተባለ የአካባቢው ጦረኛ እ.ኤ.አ. በ1977 «ስተርጅን ለነገ» የሚባል ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ለዓሣው ጥናትና እርባታ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። በሚያዝያ ስተርጅኖቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ዎልፍ ወንዝ ሲወጡ ከዳርቻው ድንጋይ ሥር ይከማቻሉ፤ ያን ጊዜ በእጅ እንኳ ሊያዙ ይችላሉ። ሌባ እንዳይደርስባቸው በመቶ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ቀንና ሌሊት በፈረቃ ይጠብቋቸዋል። ከጠባቂዎቹ መካከል በየካቲት ጦር የሚወረውሩት አሉ። በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ክለቦችም የበረዶ መንገዶችን በራሳቸው ወጪ ይጠግናሉ፤ መንገዱንም ከገና በኋላ በተጣሉ የጥድ ዛፎች ምልክት ያደርጉበታል።

የአገሩ ነባር ሕዝቦች ታሪክም እዚህ ውስጥ አለ። በበረዶ ቀዳዳ ላይ ተጎንብሶ በማማለያ ዓሣ መሳብን ነጮቹ ያገኙት ከእነሱ ነው። ለሜኖሚኒ ሕዝብ ስተርጅን የጸደይ ሲሳይና የሥርዓተ አምልኮ ዓሣ ነበር፤ ከመሬታቸው በታች በወንዙ ላይ የተሠሩ ግድቦች ግን ከመቶ ዓመት በላይ መንገዱን ዘጉበት። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግዛቱ ለበዓላቸው ዓሣ ይሰጣቸዋል፤ ቆይቶም ስተርጅኖችን ከግድቡ በላይ አጓጉዞ መልቀቅ ተጀምሯል። ይህ ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው፤ ሊሰፋም ይገባል።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር ሁሉ ባዶ አይደለም። በመንጠቆ የተያዘ ዓሣ ይለቀቃል፤ የተወጋ ግን አይለቀቅም። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ሴቷን ከወንዱ ሊለይ አይችልም። እውነት ነው፤ ጣሪያው በጾታ የተከፋፈለውም ለዚሁ ነው። በ1990ዎቹ ውሃው በጠራባቸው ዓመታት የተወጋው ዓሣ ከሚፈለገው በላይ ሆኖ ነበር፤ ሰዓቱን ያሳጠሩትና ጣሪያውን ያመጡት እነዚያ ዓመታት ናቸው። ጥበቃውም እንከን አልባ አይደለም። ለጥናት የተሰበሰበ እንቁላል ወደ ካቪያር አዘጋጆች ይሄድ ነበር በሚል ምርመራ የተነሣ፣ በ2021 በግዛቱ የስተርጅን ሥራ ኃላፊነት ላይ የነበረ ባለሙያ ሳይቀር ተከሷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጦሩን መከልከል አይደለም፤ ጠባቂውም ይጠበቅ የሚል ነው። የዱር ስተርጅን እንቁላል መሸጥም ሆነ መለወጥ ክልክል እንደሆነ መቆየት አለበት፤ ገበያ የገባበት ቀን ጣሪያው ይፈርሳልና።

ዓሣው ጥቂት በሆነበት ቦታም አሠራሩ ይሠራል። በሚሺጋን ብላክ ሐይቅ በዓመት በጦር እንዲወጋ የሚፈቀደው ዓሣ ከዐሥር ያነሰ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተመዝግበው በረዶው ላይ ይወጣሉ፤ ወቅቱ በተከፈተ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የተዘጋበት ዓመት አለ። ለጥቂት ደቂቃ ብሎ ይህን ሁሉ መድከም ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ያ ሕዝብ ዓመቱን ሙሉ ለዚያ ሐይቅ የሚቆረቆረው፣ በመራቢያው ወቅትም ወንዙን የሚጠብቀው ለዚያች ጠዋት ሲል ነው። ጦሩን ብትወስዱበት ዓሣው ባለቤት አልባ ይሆናል።

አሁን የመጣው አደጋ ከጦርም ከድንኳንም ይከፋል። የ2023–24 የብርድ ወቅት በዊስኮንሲንና በሚኔሶታ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ነበር፤ በረዶው ሳሳ፣ በሐይቁ ላይ መንቀሳቀስ አስጊ ሆነ፣ የተወጋው ዓሣም በእጅጉ ቀነሰ። ለአንድ ዓመት ይህ ለዓሣው ዕረፍት ሊመስል ይችላል። በረዶው በተደጋጋሚ ከቀረ ግን ፈቃድ የሚገዛ፣ ገንዘብ የሚያዋጣ፣ በሚያዝያ ሌሊት ወንዝ ዳር የሚያድር ሰው አብሮ ይቀንሳል። የዊስኮንሲን ሕግ አውጪዎች ይህን ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል፦ የጥበቃው ገንዘብ በፈቃድ ሽያጭ ላይ ብቻ አይንጠልጠል፤ የተዘጉት ወንዞች ይከፈቱ፤ ጣሪያው በየዓመቱ በቆጠራ ይከለስ። ይህ እስከተደረገ ድረስ በዊኔባጎ ጦሩን የሚከለክል በቂ ምክንያት የለም።