ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም!

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ካገባሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ አንዲት ልጅም አለችኝ። ከባለቤቴ ጋር መኖር ቢያቅተኝ ፍርድ ቤት ሄጄ ፍቺ ጠየቅኩ። ዳኛዋ መክረውን አልሆን ሲላቸው «እስቲ በሽማግሌ ሞክሩት» ብለው ላኩን። ሽማግሌዎቹ ግን በሙሉ የሱ አጎቶችና ጓደኞች ናቸው። «እኛ ካልፈቀድን ማንም አያፋታሽም» ይሉኛል። እሱ ደግሞ «እስክትመለሺ» ብሎ የልጄን ወጪ አቁሟል። እንዲህ ታስሬ ልቀር ነው? እባካችሁ መላ በሉኝ።

ግራ የገባኝ

ውድ እህታችን፣

አይዞሽ፣ ማንም አላሰረሽም! ሽማግሌዎቹ የሚነግሩሽ የድሮውን ሕግ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የሚወስኑት እውነትም የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠው። ለሽማግሌ የቀረው ማስታረቅ ነው። ከተሳካላቸው እሰየው! ካልተሳካላቸው ውጤቱን ለፍርድ ቤት ይናገራሉ፤ በቃ።

ሌላም ልብ በይ። ሽማግሌ የሚመረጠው በሁለታችሁም ምርጫ ነው እንጂ በሱ ብቻ አይደለም። አንቺም የምታምኛቸውን ሰዎች አቅርቢ። ፍርድ ቤቱ የማሰላሰያ ጊዜ ቢሰጣችሁ እንኳ ከ3 ወር አይበልጥም። ዕርቁ ካልሰመረ ደግሞ ፍቺው በ1 ወር ውስጥ መወሰን አለበት።

የልጅሽ ወተት እስከዚያ አይጠብቅም። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትይ ለዳኛዋ አመልክቺ። ክርክሩ ሳያልቅም ስለ ልጅ ቀለብና አያያዝ፣ ስለ ራስሽ ቀለብና ስለ ንብረታችሁ አስተዳደር ትእዛዝ እንዲሰጡ ሕጉ ያዛል። ዱላ ወይም ዛቻ ካለም አትደብቂ፤ ለዳኛዋ ንገሪያቸው።

ዕርቅን ግን አትጥዪው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 እንኳ ለሌሎች የፍትሐ ብሔር ክርክሮች ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አምጥቷል። ዕርቅ የሚያምረው ግን ሁለቱም ወገን ወዶ ሲቀበለው ነው። በልጅ ወተት አስፈራርቶ «ታረቂ» ማለት ዕርቅ ሳይሆን ማስገደድ ነው። ያላመንሽበትን ወረቀትም እንዳትፈርሚ!

በክልል ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ክልላችሁ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቸር ወሬ ያሰማን!