አይተው ያላዩ ጐብኚዎች

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ቃል የተነገረው ሰው አገርን በእግሩ ረግጦ ብቻ በሚያውቅበት ዘመን ነው። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ወጣቱ ያልረገጠውን አገር አስቀድሞ በስልኩ መስተዋት ላይ አይቶ ይናፍቃል፤ ገንዘብ ያገኘ እንደ ሆነም ይሄዳል፤ ከደረሰም በኋላ በፎቶግራፍ ያየውን ያንኑ ስፍራ ፈልጎ፣ ሌሎች በቆሙበት ቆሞ፣ ሌሎች ያነሡትን አንሥቶ ይመለሳል። «ምን አየህ?» ብለው ቢጠይቁት የሚያሳየው እንጂ የሚናገረው የለውም። እኔም በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህ ዐይነቱ ጉብኝት ጋራ ነው። አገር ማየትን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው አይቶ አለማየትን ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ አንባቢን ወደ ጃፓን ተራራ፣ ኩሳትሱ ወደምትባል የፍልውሃ ከተማ ልውሰደው። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ኩሳትሱ በጉንማ ክፍለ ሀገር፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በመካከልዋ ዩባታኬ የሚባል፣ ትርጓሜውም «የፍልውሃ እርሻ» የሆነ ሰፊ ምንጭ አለ። ውሃው ድኝ ድኝ እየሸተተ፣ እንፋሎቱም እንደ ጭጋግ እየተነሣ ከምድር ይፈልቃል፤ በተደረደሩ የእንጨት አሸንዳዎች ላይ ሲወርድም ጥቂት ይበርዳል። በአሸንዳው ላይ የሚቀረውን ዝቃጭ ሰብስበው «የፍልውሃ አበባ» ይሉታል። ከከተማይቱ ምንጮች በየደቂቃው የሚወጣው ውሃ ከ30 ሺህ ሊትር ይበልጣል። ውሃው እጅግ ኮምጣጣ ነው፤ እጅግም ትኩስ ስለ ሆነ ከምንጩ እንደ ወጣ አይታጠቡበትም። ቀዝቃዛ ውሃ የጨመሩበት እንደ ሆነ ኃይሉ ይቀንሳል ስለሚሉ፣ የአገሩ ሰዎች ረጃጅም ሳንቃ ይዘው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በማማሰል ያበርዱታል። ይኸው ማማሰል ዛሬ ለጐብኚ በቲኬት የሚታይ ትርኢት ሆኗል። በ1876 ወደ ጃፓን የመጣው ጀርመናዊው ሐኪም ኤርዊን ቤልዝም ይህን ውሃና የተራራውን አየር አመስግኖ ስለ ተናገረ፣ የኩሳትሱ ስም ከጃፓን ውጭ ተሰማ።

እስከዚህ ያለውን ማንም ጐብኚ ያየዋል። ማታ መብራት ሲበራና እንፋሎቱ ቀለም ሲይዝ ፎቶግራፍ ያነሣዋል። በምንጩ ዙሪያ ባለው የድንጋይ አጥር ላይም በየዘመኑ ወደ ኩሳትሱ የመጡ የ100 ታዋቂ ሰዎች ስም ተቀርጿል፤ ጐብኚው በዚያ ላይ ተደግፎ ይነሣል። ከዚያም ገላውን ይታጠባል፤ እራቱን ይበላል፤ አድሮ ይሄዳል። ወደ አገሩም ሲመለስ «ኩሳትሱን አየሁ» ይላል። እኔ ግን «አላየህም» እለዋለሁ።

ምክንያቱን ልንገር። ይህ ውሃ ስመ ጥር የሆነው በባለጸጎች ዕረፍት ብቻ አይደለም። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የሥጋ ደዌ የያዛቸው፣ ዘመድ የሸሻቸው፣ መንደር ያስወጣቸው ሰዎች «ይህ ውሃ ያድነን ይሆናል» እያሉ ወደ ኩሳትሱ ይወጡ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም በከተማይቱ ጫፍ፣ ዩኖሳዋ በሚባለው ሰፈር ለብቻቸው ተለይተው ሰፈሩ። በዚያም ማደሪያ ሠርተው፣ ነግደው፣ ተጋብተው፣ እንደ ሰው ኖሩ። በ1916 ሜሪ ኮርንዎል ሊ የምትባል እንግሊዛዊት፣ ዕድሜዋ ወደ 60 ሲጠጋ ወደ እነርሱ መጥታ መኖሪያና የሕክምና ቤት አቆመችላቸው።

ኋላ ግን ሌላ ሐሳብ በረታ። በ1931 የወጣው ሕግ የሥጋ ደዌ ያለበትን ሰው ሁሉ ከሕዝብ ለይቶ መዝጋትን መንገድ ከፈተለት። በ1932 ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ኩሪዩ ራኩሴንኤን የተባለ የመንግሥት ማቆያ ተቋቋመ። ራኩሴንኤን ማለት «የደስታ ምንጭ ያለበት የአትክልት ስፍራ» ማለት ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያም የዩኖሳዋ ሰፈር ፈረሰ። ነገር ግን ከዚህ የከፋው በ1938 በማቆያው ግቢ የተሠራው ቤት ነው። በወረቀት ላይ ስሙ «ልዩ የሕሙማን ክፍል» ይባል ነበር፤ ሥራው ግን ወህኒነት ነበር። በመላው ጃፓን ካሉት ማቆያዎች «አልታዘዝም ብለዋል» የተባሉ በሽተኞች ያለ ዳኛና ያለ ፍርድ ወደዚያ ይላኩ ነበር። ክረምቱ የበረዶ ክረምት ነው፤ ክፍሉ እሳት የለውም፤ ብርሃን በጭንቅ ይገባዋል፤ ምግቡም እፍኝ የማትሞላ ነበረች። እስከ 1947 ድረስ እንደ ተመዘገበው 93 ሰዎች ታሰሩበት፤ ከእነርሱም 23ቱ ሞቱ። የፈላ ውሃ ሌሊትና ቀን ከምድር በሚወጣበት ከተማ ሰው በብርድና በረኃብ ሞተ ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን ወደዚያ የድንጋይ አጥር ተመለስ። የ100 ሰዎች ስም ተቀርጿል ብዬሃለሁ። የ93ቱ ስም የት ነው? ከእነርሱና ከወገኖቻቸው ብዙዎቹ ዘመዶቻቸው እንዳያፍሩ ብለው ወደ ማቆያ ሲገቡ ስማቸውን ለውጠው ነበርና፣ በእውነተኛ ስማቸው እንኳ አልሞቱም። ዐፅማቸውንም የሚወስድ ዘመድ ስለ ጠፋ፣ በማቆያዎቹ ግቢ ውስጥ የዐፅም ማኖሪያ ቤት ተሠራ። ስሙ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው እንግዳ አንድ ሰሞን ታጥቦ የሄደ ነው፤ ስሙ የጠፋው ግን በዚያው ኖሮ በዚያው የተቀበረ ነው።

ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ነገር ነው የሚል ይኖር ይሆናል። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጃፓን ተሰጥቷል፤ በሽታው በቀላሉ የማይተላለፍ መሆኑም ታውቋል። የመለያየቱ ሕግ ግን በ1953 ታድሶ እስከ 1996 ድረስ ጸና። በ2001 የኩማሞቶ ፍርድ ቤት ሕጉ ከሕገ መንግሥት ጋራ የማይስማማ እንደ ነበረ ፈረደ፤ መንግሥቱም ይግባኝ ሳይል ተቀበለ። ይሁን እንጂ ሕግ በአንድ ቀን ሲሻር የሰው ልብ በአንድ ቀን አይሻርም። በ2003 በኩማሞቶ ክፍለ ሀገር፣ ኩሮካዋ በሚባል ሌላ የተራራ ፍልውሃ፣ ከብዙ ዘመን በፊት የዳኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለሽርሽር ሊያድሩ ቦታ ተይዞላቸው ሳለ፣ አንድ ሆቴል «ሌሎቹ እንግዶች ይቸገራሉ» ሲል ከለከላቸው። የሆቴሉን ይቅርታ ወዲያው አልተቀበልንም ባሉ ጊዜም የስድብ ደብዳቤ ወረደባቸው። ልብሱን አውልቆ ወደ ውሃ የገባ ሰው ሁሉ እኩል ነው ተብሎ በሚነገርበት አገር፣ ለእነዚህ ሰዎች ውሃው አልተገኘም።

አሁን የሚከራከሩኝን ልስማ። አንደኛው «ሰው ለዕረፍት ሄዶ ሐዘን መፈለግ አለበትን?» ይለኛል። ሐዘን ፈልግ አላልኩትም፤ እውነት ፈልግ ነው ያልኩት። ዕረፍት ማለት ማወቅን ማቆም ከሆነ ቤቱ መተኛት ይሻለው ነበር፤ ለመተኛት አውሮፕላን አያስፈልግም።

ሁለተኛው «ጐብኚ ገንዘብ ያመጣል፤ የአገሩ ሰው በዚያ ይኖራል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» ይለኛል። ገንዘቡ እንደሚጠቅም አልክድም። ነገር ግን ሁሉም ያንኑ ሥዕል ሲሻ ጥቅሙ ራሱ ሸክም ይሆናል። በ2024 ወደ ጃፓን የገባው የውጭ አገር ሰው ከ36 ሚሊዮን በላይ ነበር። በያማጋታ ክፍለ ሀገር ያለችው ጊንዛን የምትባል ትንሽ የፍልውሃ መንደር፣ በበረዶ ጊዜ የድሮ የእንጨት ቤቶችዋን ፎቶግራፍ ለማንሣት በሚጋፋው ሕዝብ ብዛት ተጨንቃ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የማያድር እንግዳ በምሽት እንዳይገባ ገደብ እስከ ማድረግ ደርሳለች። እንግዳ የሚከበረው ቤቱን ሲያከብር ነው፤ የባለቤቱን በር የሚያጣብብ እንግዳ ስጦታ ቢያመጣም እንግዳ አይባልም።

ሦስተኛው ከሁሉ የተሻለ ጠያቂ ነው። «የሰው አገር ገመና መግለጥ ነውር አይደለምን?» ይላል። ለዚህ መልሴ ይህ ነው፤ ገመናውን የገለጡት ራሳቸው የተበደሉት ናቸው። ጮኸው፣ ተካሰው፣ ጽፈው፣ ታሪካቸው እንዳይጠፋ ታገሉ። የወህኒውን ታሪክ የሚያሳይ ቤተ መዘክርም በ2014 በዚያው በኩሳትሱ ተከፍቷል። ባለቤቱ በሩን ከፍቶ «ግቡና እዩ» ሲል በበሩ ፊት ዐይንን ጨፍኖ ማለፍ ጨዋነት አይባልም። እንግዲህ ከዩባታኬ ጥቂት ኪሎ ሜትር ለመሄድ ጐብኚውን የሚያግደው ጨዋነት ሳይሆን ስንፍና ነው።

ወጣት ወንድሜ፣ ወጣት እኅቴ ሆይ፣ ይህን የጻፍኩት ጃፓንን ለመክሰስ አይደለም። «ዐይን ለራሱ ባዳ ነው» ይባላልና ወደ ራሳችንም እንመልከት። አዲስ አበባ በ1886 የተቈረቈረችው በፍልውሃ ምክንያት ነው። በዚህችው ከተማ ዳርቻ፣ ዘነበ ወርቅ በሚባለው ስፍራ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ቆመ፤ በ1965ም አለርት የሚባለው ተቋም በዚያ ተመሠረተ። በፍልውሃው የታጠበው ስንቱ ነው ስለ ዘነበ ወርቅ ሰዎች የጠየቀው? እስከ ዛሬስ የበሽታውን ስም ለስድብ የሚያነሣ አፍ ስንት ነው? ቤቱ ሆኖ ያልጠየቀ ሰው ጃፓን ሄዶ ይጠይቃል ብዬ አልጠብቅም። ስለዚህ ማየትን መማር የሚጀመረው ከደጃፍ ነው።

መንገደኛ የሚመሰገነው ይዞ በሚመለሰው ዕውቀት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ወደ ጃፓን ሄደው በተመለሱ ጊዜ ለአገራቸው ሰው ያመጡት መጽሐፍ ነው። ሁላችን መጽሐፍ እንጻፍ አልልም፤ ነገር ግን ወደ ማንኛውም የተዋበ ስፍራ የደረሰ ሰው ፎቶግራፉን ከማንሣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ። ይህን ስፍራ ማን ሠራው? ከዚህ ስፍራ ማን ተባረረ? ዛሬስ ማንን አይገባም ይሉታል? እነዚህን ጠይቆ መልሱን የሰማ ሰው አንዲት ከተማ ብቻ ቢያይ አገር አይቷል። ሳይጠይቅ የተመለሰ ግን ዓለምን ሁሉ ቢዞር ያየው የራሱን ፊት ብቻ ነው፤ እርሱንም በቤቱ ባለው መስታወት ሊያየው ይችል ነበር።