ተመስገን ስንት ነጥብ ነው?

ቡታጅራ ውስጥ ታብሌት የያዘ ወጣት ጠያቂ በአንዲት እናት በረንዳ ላይ ተቀምጦ አየሁ። «በኑሮዎ ምን ያህል ረክተዋል? ከአንድ እስከ አምስት ይንገሩኝ» አላቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው «ተመስገን ነው ልጄ» አሉ። ልጁ ትንሽ አሰበና አራትን ነካ። ከጎናቸው የተደረደሩት ቢጫ ጀሪካኖች ባዶ ነበሩ።

«ተመስገን» ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና ነው። የጠገበም የተራበም ይለዋል፤ ሙስሊም ጎረቤታቸውም «አልሐምዱሊላህ» ይሉ ነበር። ይህን ለኑሮ የተሰጠ ነጥብ አድርጎ መመዝገብ ትልቅ ስህተት ነው። «ውሃ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ መጣ? ለአንድ ጀሪካን ስንት ከፈሉ?» ቢባሉ እኮ ቀኑንም ብሩንም አይስቱም። በየካቲት 2015 የወልቂጤ ነዋሪ ባዶ ጀሪካን ይዞ ለውሃ አደባባይ ሲወጣ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያ ሰልፍ ነዋሪው ማንም ሳይጠይቀው የሰጠው መልስ ነበር።

ወቅቱም ያሳስታል። በመስቀል ሰሞን የመጣ ጠያቂ ልጆች ከአዲስ አበባ ገብተው፣ ክትፎው በጣባ ቀርቦ ያገኛል። እዚያው ቤት በሐምሌ ቢመጣ ሌላ ኑሮ ያያል። «ሲቸግርዎ ማን ይረዳዎታል?» ለሚለውም የወጣቱ መጠይቅ መንግሥት፣ ዘመድና ድርጅት ብሎ ሲዘረዝር እድርን ረስቷል። ጉራጌ አገር ተቀምጦ እድርን መርሳት!

መጠየቅ ለቡታጅራ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር የገጠር ጤና ፕሮጀክቱን በ1979 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ፣ በአንድ የከተማና በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎች ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ኖሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ስለ አእምሮ ሕመም ተጠየቀ። ያኔ ግን ጠያቂዎቹ ወረቀታቸውን ሰብስበው ብቻ አልሄዱም፤ ቡታጅራ ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ተጀመረ። አዲስ አበባ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ መሄጃ ላልነበረው ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕመምተኛ በቤቱ ያስታመመ ያውቀዋል። ጥናት ብዬ የማከብረው እንዲህ ያለውን ነው።

በወልቂጤም በቡታጅራም ስለ ጤና መድህን፣ ስለ ሴፍቲኔት፣ ስለ ውሃ ሕዝብ የምትጠይቁ ሁሉ፣ አንድ ልመና አለኝ። ውጤቱን ወደ ክልል ከመላካችሁ በፊት በቀበሌ ስብሰባ አንብቡት። አራት የተሞላላቸው እናትም ተነሥተው ያርሙት።