«ፈንግል ነው» ብሎ ማለፍ ገበያውን አያድንም

ባሕሪ ውስጥ ሳጥን ሙሉ ዶሮ በአንድ ሌሊት ሲያልቅ ከአበሻ ነጋዴ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ፈንግል ነው» የሚል ነው። ቃሉ ያረጋጋል። ፈንግል የታወቀ በሽታ ነው፤ ይመጣል፣ የሚገድለውን ገድሎ ይሄዳል። ስለዚህ የሞተው ይጣላል፣ የፈዘዘው ቶሎ ይታረዳል ወይም በቅናሽ ይሸጣል፣ ሳጥኑ ላይ ደግሞ በዚያው ቀን ሌላ ዶሮ ይጫናል።

ይህ ልማድ መቆም አለበት። ምክንያቱም «ፈንግል ነው» የሚለው ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም። ፈንግልና የወፍ ጉንፋን ዶሮን የሚጥሉት በተመሳሳይ መልክ ነው፤ ዶሮው ይፈዛል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ በጅምላ ይሞታል። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ሳይንሱ ራሱ ቆይቶ ነው የለያቸው። ፈንግል ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። በአውሮፓ «የዶሮ ቸነፈር» ይባል የነበረው ሌላው ገዳይ በሽታ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሥራ መሆኑን ጀርመናዊው ቫይሮሎጂስት ቨርነር ሼፈር ያሳዩት ደግሞ በ1955 ነው።

ቫይረሱ ከየት እንደሚመጣ በማሳየት ስማቸው ጎልቶ የሚነሳው የኒውዚላንዱ ተወላጅ ሮበርት ዌብስተር ናቸው። በ1960ዎቹ ከሥራ ባልደረባቸው ግሬም ሌቨር ጋር በአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ ሲሄዱ የሞቱ የባሕር ወፎች ያያሉ። «እነዚህን የገደለው ኢንፍሉዌንዛ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ። ዌብስተር በአሜሪካ ሜምፊስ በሚገኘው የቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ምርምር ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ሲመረምሩ ያገኙት ነገር ለዶሮ ነጋዴ ቁም ነገር ነው። ቫይረሱ በዱር ዳክዬና በሌሎች የውሃ ወፎች አንጀት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳያሳምማቸው ይኖራል፤ ከኩሳቸው ጋር እየወጣም ውሃውን ይበክላል። ባሕሪ ደግሞ ነጭና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ዳር የተቀመጠች፣ ተጓዥ ወፎች በሚያልፉበት የናይል መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከአሜሪካዋ ፔንሲልቫኒያ ነው። በ1983 ሚያዝያ አካባቢ በዶሮ እርባታዎች የታየው ቫይረስ ብዙ አይገድልም ነበር። ጥቅምት ላይ ግን ጠባዩን ቀይሮ ጨራሽ ሆነ። ዌብስተርና የሥራ ባልደረባቸው ዮሺሂሮ ካዋኦካ ሲመረምሩት፣ ያን ሁሉ ልዩነት ያመጣው በቫይረሱ ላይ የደረሰ ትንሽ ለውጥ ሆኖ ተገኘ። በሽታውን ለማቆም 17 ሚሊዮን ያህል ዶሮና ሌላ ወፍ ተወገደ። «ጥቂት ነው የሞተው፣ ያልፋል» ተብሎ የታለፈ ነገር ከወራት በኋላ ምን ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም።

ሦስተኛው የገበያ ጉዳይ ነው። በ1997 በሆንግ ኮንግ ኤች5ኤን1 የተባለው ቫይረስ 18 ሰዎችን ሲይዝ 6ቱ ሞቱ። ተመራማሪዎች የቁም ዶሮ ገበያዎችን ሲፈትሹ ከአምስት ዶሮ በአንዱ ያህል ቫይረሱን አገኙ። ዶሮ፣ ዳክዬና ድርጭት በአንድ ቦታ ተደራርበው፣ አንዱ ሲሸጥ ሌላው እየተተካ፣ ሳጥኑ ባዶ ሆኖ የማያውቅበት ገበያ ቫይረሱን ያራባ ነበር። ከ1 ሚሊዮን በላይ ወፎች ከተወገዱ በኋላ ከተማዋ ገበያዋን ማስተካከል ጀመረች። ከ2001 ጀምሮ በወር አንድ ቀን ገበያው ባዶ ሆኖ እንዲታጠብ ተደረገ፤ በኋላም ድርጭት በቁሙ እንዳይሸጥ ተከለከለ። የማጽጃው ቀን ቫይረሱን እንደሚቀንስ በምርመራ ታይቷል።

ይህ ሁሉ ለሱዳን የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2006 ሚያዝያ ኤች5ኤን1 በካርቱምና በገዚራ የዶሮ እርባታዎች ተገኝቷል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ በጉራጌ ዞን ጉብሬ የዶሮ ማራቢያ በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎች ሲሞቱ «በርድ ፍሉ ገባ» ተባለ። ሰው ዶሮና እንቁላል መብላት ፈራ፣ ዋጋው ወረደ። ምርመራው ግን የወፍ ጉንፋን አለመሆኑን አሳየ። እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ገበያውን የመታው ቫይረሱ ሳይሆን ወሬው ነው፣ ወሬውን ያቆመው ደግሞ የላቦራቶሪ ውጤት ነው።

«እኔ ከብት እንጂ ዶሮ አልነግድም» የሚል ይኖራል። ከመተማ በጋላባት አድርጎ ወደ ገዳሪፍና ካርቱም ከብት የሚነዳ ነጋዴ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲህ ቢል ያስኬደው ነበር። በ2024 መጋቢት ግን ኤች5ኤን1 በአሜሪካ የወተት ላሞች ላይ ተገኘ። ከግዛት ግዛት ያሻገረው አንዱ ነገር የላሞች ጭነት ነበር፤ በየበረቱ የተዛመተው ደግሞ በማለቢያ መሣሪያና በወተት ነው። በሚያዝያ መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት የምትታለብ ላም ሳትመረመር ግዛት እንዳትሻገር አዘዘ። ባሕሪ ውስጥ ሒላት ኩኩ የወተት ላሞች ሰፈር ናት። ዶሮና ላም በአንድ ግቢ የሚያድሩበት ቦታም ብዙ ነው። ነገ አንድ አገር ከብት ሳይመረመር አይገባም ቢል መርማሪ የሌለው ነጋዴ ኬላ ላይ ይቀራል።

መርማሪውስ የት አለ? ባሕሪ በዚህ ረገድ ደሃ አልነበረችም። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል ሸምባት፣ የሱዳን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ እዚያው ሒላት ኩኩ ነበሩ። ማዕከላዊው የእንስሳት ምርምር ላቦራቶሪ በካርቱም ደቡብ ሶባ ነበር። በ2023 ሚያዝያ የተነሳው ጦርነት ከተማዋን ሲያወድም የእንስሳት ጤና ሥራውንም አብሮ ጎዳው። ዛሬ ሰው ወደ ባሕሪ እየተመለሰ፣ ገበያ እየተከፈተ ነው። ከብትና ዶሮ ግን ከላቦራቶሪው ቀድመው ተመልሰዋል።

አንድ ተቃውሞ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሞት የሚያስታውቅ ነጋዴ ቀሪው ዶሮ ይወገድበታል፣ ደንበኛው ይሸሻል፣ ካሳ የሚሰጠው ግን የለም። እውነት ነው። ያለ ካሳ «አሳውቁ» ማለት ደብቁ እንደ ማለት ነው። ሸክሙም በአንድ ነጋዴ ጫንቃ ላይ ሊጣል አይገባም። ስለዚህ የነጋዴ ማኅበራት ከመንግሥትና ከረድኤት ድርጅቶች ጋር በሚነጋገሩበት ጊዜ ከመንገድና ከቀረጥ እኩል ሁለት ነገር መጠየቅ አለባቸው፤ በሽታን ለይቶ የሚናገር ላቦራቶሪ እንዲመለስ፣ ሞትን ያስታወቀም እንዲካስ።

እስከዚያ ድረስ ገንዘብ የማይጠይቅ ብዙ ሥራ አለ። ገበያው በሳምንት አንድ ቀን ባዶ ሆኖ ሳጥንና ወለሉ ቢታጠብ፣ ዳክዬና ዶሮ በአንድ ሳጥን ባይጫኑ፣ በጅምላ ሞት ካየ ቤት የተረፈ ዶሮ ወደ ሌላ ገበያ ባይሄድ፣ የሞተውን በባዶ እጅ ከመግፈፍ ይልቅ ለእንስሳት ሐኪም ቢነገርና ቢቀበር ጉዳቱ ይቀንሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በገበያ ቋንቋ ሲነገር፣ በሽታውን የደበቀ ነጋዴ ገዢም አይኖረውም።