አባ ሳሙኤል ታድሷል፤ መንገዱስ?

የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ የአገራችን አንጋፋ ነው። ሥራ አቁሞ ለአሥርት ዓመታት ከተዘጋ በኋላ በቻይና መንግሥት ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ዳግም ተመረቀ። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። 5,150 ሜጋ ዋት ያለው የህዳሴ ግድብ በተመረቀበት ዘመን ይህ ኢምንት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ዕድሳቱ ይገባው ነበር ባይ ነኝ። የሚቆጨኝ ማደሱን ማሽኖቹ ላይ ማቆማችን ነው።

ማመንጫው በታደሰበት በዚያው በ2009 ዓ.ም.፣ መስከረም 25 ቀን፣ ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ፉሪ ለቡ ጣቢያ ላይ ተመርቋል። ማመንጫውና ባቡሩ የአንድ አካባቢ ሀብት ሆነው ሳለ፣ አንዱን ከሌላው፣ ሁለቱንም ከነዋሪው የሚያገናኝ ነገር አላሰብንም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ቢሆን በአንድ በኩል ጦር ኃይሎች፣ በሌላ በኩል ቃሊቲ ላይ ይቆማል፤ ፉሪ ለቡ አይደርስም።

አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ፣ አየር ጤና ታክሲ ተራ የቆመ ሰው ውጤቱን ያያል። ረዳቱ «ዓለም ገና፣ ሰበታ!» ሲል ሰልፉ ይፈርሳል። ሽንኩርት በጆንያ የያዙ እናት ከበሩ ሲደርሱ «እማማ፣ ለጆንያው የአንድ ሰው ይከፍላሉ» ይባላሉ። «ከላይ ጫንልኝ፣ ልጄ» ቢሉም ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል። የቡራዩ ሰው ሰበታ ጉዳይ ቢኖረው ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት አለበት። የሱሉልታውማ እንጦጦን ወርዶ ከተማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጣል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ገብተዋል፤ ነዋሪው ግን አንድ ከተማ መሆናቸውን በአውቶቡስ መስመር ሊያየው ይገባል።

መንገዱን ያስቀደሙ ግን አሉ። ለንደን ውስጥ ባተርሲ የሚባል በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ማመንጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ከተዘጋ በኋላ ዕቅድ በዕቅድ ላይ ሲወድቅ ኖረ። በመጨረሻ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከአልሚዎቹ በተገኘ መዋጮ ጭምር፣ ወደዚያው ተዘረጋ። የባቡር ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2021 ተከፈተ፤ የማመንጫው ሕንፃ ለሕዝብ ክፍት የሆነው በዓመቱ ነው። ገንዘባቸው የለንም፤ ቅደም ተከተሉን መውሰድ ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

ከባቡሩ ሰዓት ጋር የተናበበ አውቶቡስ ከፉሪ ለቡ ወደ ሰበታ ይመደብ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ወደ አባ ሳሙኤል የሚሄድ ይኑር። ተማሪዎች ውኃ ተርባይን ሲያዞር በዓይናቸው ይዩ፤ የአካባቢው ወጣቶች አስጎብኚ ሆነው እንጀራ ይብሉበት።

የአባ ሳሙኤልን ግድብ ሐይቅ አሁን ባለበት ሁኔታ ለእንግዳ ማሳየት ግን ያሳፍራል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሰብስበው የሚያራግፉት እዚያ ነው። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤት ዝቃጭ፣ ፕላስቲክ፣ ደለል። ደለሉ ግድቡ የሚይዘውን ውኃ ቀንሶታል፤ እምቦጩ በዚያ ቆሻሻ ይፋፋል። የሐይቁ ዳር ገበሬ በዚያ ውኃ ጎመን ያጠጣል፣ ከብቱንም ያጠጣል። ጎመኑ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኛው ገበያ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባና ሸገር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ፤ ከመናፈሻና ከሎጅ በፊት ያልተጣራ ፍሳሽ የሚለቁትን ፋብሪካዎች ቧንቧ ይዝጉ።