ፍላጎት፣ ኒያ እና «ኢንሻአላህ»



ሰበታ ከምናስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ለትምህርት ወደ ማሌዥያ ሊሄድ ተሰናድቷል። በእጃችን ያለችውን የማላይ ቋንቋ መማሪያ እንድናውሰው ሲጠይቀን «ኢንሻአላህ እናመጣልሃለን» አልነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «እንግዲያው ከሌላ ሰው ልፈልግ፣ ኡስታዝ» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኛ ግን አፈርን። ለካ በልጆቻችን ዘንድ «ኢንሻአላህ» የ«አይሆንም» ጨዋ ስም ሆኖ ኖሯል! ጫማ ግዛልኝ ያለ ልጅ ከአባቱ አፍ ስንቴ ሰምቶት ይሆን?

ማታ መጽሐፏን ገለጥናት። ማሌዥያዎች «ማሁ»፣ ኢንዶኔዥያውያን «ማው» የሚሏት ቃል አለች። «ሳያ ማው ፐርጊ» ማለት «መሄድ እፈልጋለሁ» ነው፤ እንደ አነጋገሩ «ልሄድ ነው»ም ይሆናል። ሰማዩ ሲጠቁር ኢንዶኔዥያውያን «ማው ሁጃን» ይላሉ፤ ቃል በቃል «ዝናብ ይፈልጋል» እንደማለት ሲሆን፣ የእኛው «ሊዘንብ ነው» መሆኑ ነው። ዝናብ ምን ፍላጎት አለው? አትሳቁ፤ በሱረቱል ከህፍ 77ኛው አንቀጽ፣ ሊወድቅ ስለተቃረበው ግድግዳ ሲነገር በዐረብኛው የገባው ግሥ «ፈለገ» የሚለው ነው። የሀገራችን ቋንቋዎች ደግሞ በሌላ በኩል ይገናኛሉ፤ የአማርኛው «መፈለግ»ም የኦሮምኛው «በርባዱ»ም መሻትንም የጠፋ ዕቃ ማሰስንም ይይዛሉ።

ምኞት ብቻ ሲሆን «ኢንጊን»፣ ወደፊት የሚሆነውን ለመናገር «አካን» ይላሉ። ልብ ቁርጥ ሲያደርግ ግን «ኒያት» ነው፤ ከዐረብኛ የተወሰደ፣ የእኛው «ኒያ»። ለጾም ሌሊት የምንነይተው፣ ዑመር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ሥራ ሁሉ የሚመዘንበት ማለት ነው። ለልጅ ጫማ መመኘትና ጫማ ለመግዛት መነየት አንድ አይደሉም።

በዚያው ሱራ 23ኛውና 24ኛው አንቀጽ፣ ነገ አደርጋለሁ የሚል ሰው የአላህን ፈቃድ ሳይጠቅስ እንዳይናገር ያዛሉ። ልብ በሉ፤ ነገሩ «አደርጋለሁ» ስላለ ሰው ነው። ላለማድረግ ለወሰነማ «አልችልም» የሚል አማርኛ አለን። ገንዘብ ያጠረው አባት «ዘንድሮ አልችልም ልጄ» ቢል ምን ይጎድልበታል?

መጽሐፏን በማግስቱ ወሰድንለት። ልጁ ደንገጥ ብሎ ተቀበለንና፣ «ኢንሻአላህን እነሱ ምን ይሉታል?» ሲል ጠየቀ።

«ያው ኢንሻአላህ ነው» አልነው።

«አጠቃቀሙስ፣ ኡስታዝ?» አለ እየሳቀ።